የአንጎል ምርመራ ማሽን የሚያየውና የማያየው

በዲራም ሆነ በሌላው የሪያድ ሰፈር በሰው ቤት ስትሠሩ ራስ ምታት ሲበረታባችሁ፣ ወይም ድንገት ራሳችሁን ስታችሁ ስትወድቁ ሐኪሙ «የአንጎል ምርመራ ያስፈልግሻል» ይላል። ብዙዎች በዚህ ቃል ይደነግጣሉ። አንዱ ፍርሃት የበሽታው ነው። ሌላው ደግሞ ጮክ ተብሎ የማይነገር ነው፦ «ማሽኑ በሆዴ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለማዳም ይነግርብኛል ወይ?»

እኛ ሐበሾች ምስጢር የምናኖረው በሆዳችን ነው፤ ማሽኑ የሚያየው ደግሞ ጭንቅላትን ነው። ቀልዱ ይቆየንና፣ እያንዳንዱ ማሽን ምን እንደሚያይ ማወቅ ፍርሃቱን ስለሚያቀልል አንድ በአንድ እንመልከተው።

የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ ከራስ ቅል ውጭ ሲደርስ እጅግ ደካማ ይሆናል፤ ከአንዲት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ጉልበት በአሥር ሺዎች እጥፍ ያንሳል። ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 እ.ኤ.አ. ይህን ምልክት ከሰው ራስ ላይ ለመመዝገብ ቻለ፤ ለዓለም ያሳወቀው ግን በ1929 ነው። ምርመራው ኢኢጂ ይባላል፤ እዚህ አገር ነርሷ «ተኽጢጥ አልሙኽ» ትለዋለች። በራስ ቆዳ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይለጠፋሉ፤ ወደ ሰውነት የሚገባ ኤሌክትሪክ የለም፤ ሕመምም የለውም። ዓይን ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ ይባላል፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም ያሳያሉ። ፀጉር ቅቤ ወይም ቅባት ካለበት ሽቦው በደንብ አይይዝም፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መታጠብ ነው። ሹሩባም መፈታት ሊኖርበት ይችላል። አንዳንዴ ሐኪሙ ከምርመራው በፊት ባለው ሌሊት ትንሽ ብቻ እንድትተኙ ያዝዛል፤ እንቅልፍ ማጣት የተደበቀውን ምልክት ስለሚያወጣው ነው። በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ቆማችሁ ለምታድሩት ይህ አዲስ ነገር አይደለም! ይሁን እንጂ የሚጥል በሽታ ያለባት እህት እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ እንደሚጥላት ልታውቅ ይገባል።

ኢኢጂ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለዚሁ ለሚጥል በሽታ ነው። አረቦቹ «ሰርዕ» ይሉታል። በአገራችን በሽታው በስፋት የተጠናው በቡታጅራ አካባቢ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የስዊድን ባልደረቦቻቸው ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ገጠር ቤት ለቤት አስጠይቀው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 316 ሕሙማን አግኝተዋል፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። ኢኢጂም የጥናቱ አካል ነበር። ቡዳ በላው፣ ጋኔን ያዘው ሲባል የኖረ ገበሬ የአንጎሉ ሞገድ በወረቀት ላይ ተሥሎ ታየ። እኔ እንደሚመስለኝ በገጠር ሕክምናችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ የሚነገርለት ሥራ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ኢኢጂ የሚመዘግበው በዚያች ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም በሽታው ሊኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት አብራችሁ የምትሠራ እህት ስትወድቅ ያያችሁት ነገር ለሐኪሙ ከማሽኑ እኩል ዋጋ አለው፦ በየትኛው እጅ ጀመራት፣ ዓይኗ ወዴት ዞረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። እስከዚያው በጎኗ አስተኟት፤ ምድጃና የፈላ ውኃ ከአጠገቧ አርቁ፤ በአፏ ማንኪያ አታስገቡ፤ ክብሪት ማሽተትም ጥቅም የለውም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ 997 ደውሉና ቀይ ጨረቃን ጥሩ።

ሲቲ ስካን ሌላ ነው። በራጅ ጨረር አንጎልን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል። በ1 ጥቅምት 1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴት ታየችበት፤ የሠራው ኢንጂነር ሃውንስፊልድ በ1979 የኖቤል ሽልማትን ከደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ኮርማክ ጋር ተካፍሏል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ ከደረጃ ወይም ከመስኮት ለወደቀ ሰው የሚታዘዘው እሱ ነው፤ ደም መፍሰሱን ቶሎ ያሳያል። ጨረር ስላለው እርግዝና የምትጠረጥር እህት አስቀድማ ትናገር፤ «ሓሚል» የሚለው አንድ ቃል ይበቃል።

ኤም አር አይ፣ በአረብኛው «ረኒን መግናጢሲ»፣ ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በማግኔት ነው። ማግኔቱ ከምድር ማግኔት በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበረታል። ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በጠባብ ዋሻ ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል፤ እንደ መዶሻ የሚደበድብ ድምፅም አለው፤ ደወል በእጅ ስለሚሰጥ ከጨነቃችሁ ተጫኑት። ዋናው ጥንቃቄ ብረት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን በማሽኑ ውስጥ ሳለ ማግኔቱ የኦክስጅን ጠርሙስ ስቦ ገድሎታል። በዲራ የወርቅ ገበያ የገዛችሁት ሐብልና ጉትቻ፣ የዓባያ መርፌ፣ የፀጉር ጌጥ፣ ስልክ ሁሉ ውጭ ይቆይ። ማተብን በተመለከተ፣ ክር ብቻ ከሆነ ማሽኑን አይጎዳም፤ ብረት ያለበት መስቀል ግን ይውለቅ። ይህ ማተብ መበጠስ አይደለም፤ ስትወጡ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ። በሰውነታችሁ ውስጥ የአጥንት ብረት ወይም የልብ ማሽን ካለም ተናገሩ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንመለስ። ሐሳብ ይነበባል ወይ? በ1990 እ.ኤ.አ. ሴይጂ ኦጋዋ የተባሉ ጃፓናዊና ባልደረቦቻቸው በኤም አር አይ የደም ኦክስጅንን በመከተል የትኛው የአንጎል ክፍል እየሠራ እንደሆነ ማየት እንደሚቻል አሳዩ። በ2006 በሞንትሪያል አሥራ አምስት የካቶሊክ መነኮሳት ከእግዚአብሔር ጋር የቀረቡበትን ጊዜ እያስታወሱ ታይተዋል፤ ብዙ የአንጎል ክፍሎች አብረው ሠሩ እንጂ «የጸሎት ቦታ» የሚባል አንድ ነጥብ አልተገኘም። በ2023 ደግሞ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰው የሚሰማውን ታሪክ በግምት ወደ ቃል የሚመልስ ኮምፒውተር ተሠርቷል። ለዚህም ሰውዬው ወድዶ አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል በማሽኑ ውስጥ እያዳመጠ ማስለመድ አለበት፤ ሆን ብሎ ሌላ ነገር ካሰበ ኮምፒውተሩ ይስታል። የሆስፒታሉ ምርመራ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ዕጢን፣ ደምን፣ እብጠትን ያያል፤ ናፍቆታችሁን፣ እምነታችሁንና የደመወዛችሁን ሂሳብ አያይም።

በሽታው ከተገኘ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ጸበል ለመጠመቅ ብሎ ማቋረጥም እንዲሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ ገልጸዋል፤ ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም የተለየ ምክንያት አይታየኝም።

ምርመራው ሲያልቅ «ተቅሪር» የሚባለውን የውጤት ወረቀትና ሥዕሉ ያለበትን ሲዲ ጠይቁ። ወረቀቱ ማዳም ዘንድ ቢቀር እንኳ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። አዲስ አበባ ስትገቡ ሐኪሙ የድሮውን ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል፤ ሁለተኛ ለማስነሣት የሚወጣውን ገንዘብም ሊያስቀርላችሁ ይችላል።