ጉንፋንና የአፍንጫ መታፈን፦ የባህላዊ ዕፀዋት ጥቅምና ወሰን

ጉንፋን በልዩ ልዩ ቫይረሶች አማካይነት የሚመጣ የላይኛው የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው። አፍንጫ የሚታፈነው በንፍጥ ብዛት ብቻ ሳይሆን የአፍንጫው ውስጠኛ ሽፋን ደም ሞልቶት ስለሚያብጥም ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም አያስፈልገውም።

በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ጉንፋን ሲይዝ ቀድሞ የሚታሰበው የጓሮና የገበያ መድኃኒት ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ፈልቶ እንፋሎቱ ይታጠናል። በመንዝ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ እንደ ሻይ ይፈላል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርትም ከማር ጋር ይወሰዳሉ።

እነዚህ ልማዶች መሠረት የላቸውም ማለት አይቻልም። ባሕር ዛፍ ሲኒዮል፣ ጦስኝ ደግሞ ታይሞል የተባሉ ተናኝ ዘይቶች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት ከዳማከሴ ቅጠል የወጣ ንጥር በአይጦች ላይ ትኩሳትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ትኩስ መጠጥ በአፍንጫ የሚያልፈውን አየር ባይጨምርም ለሕመምተኛው እፎይታ እንደሚሰጥ አመልክቷል። እንግዲህ ዕፀዋቱ ስሜቱን ያቀልላሉ እንጂ ቫይረሱን ያጠፋሉ ተብሎ አልተረጋገጠም።

ጥንቃቄም ያሻል። የፈላ ውኃ ሕፃናትን ስለሚያቃጥል እነርሱን በእንፋሎት ማጠን አይገባም። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ጤና አዳም ማሕፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ልትወስደው አይገባም።

በቆላው ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል። ወባ እንደ ጉንፋን ሁሉ በራስ ምታት፣ በቁርጥማትና በትኩሳት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም «ምች ነው» ተብሎ በዳማከሴ ይታከማል። ትኩሳቱ ለጊዜው ቢበርድም ተውሳኩ በደም ውስጥ መራባቱን አያቆምም። ስለዚህ ትኩሳት ያለው ሰው አፍንጫው ቢታፈንም እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን መመርመር አለበት።

ሕፃን ሲያስል ደግሞ ትንፋሹ ይቆጠር። በደቂቃ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።