የጡረተኞች የጤና መድህን፦ የሕጉ ይዘትና በከሚሴ የሚኖረው ትርጉም

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቶት በጡረታ ሲሰናበት ገቢው ይቀንሳል፤ የሕክምና ወጪው ግን ከመቼውም ጊዜ በላይ ይጨምራል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የዓይንና የመገጣጠሚያ ሕመሞች በአብዛኛው የሚበረቱት ከዚህ ዕድሜ በኋላ ነው። የጡረታ አበልና የጤና መድህን የተለያዩ በመሆናቸውም በየወሩ አበል የሚቀበል ባለመብት ሁሉ የሕክምና ዋስትና አለው ማለት አይደለም።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ከሚሴም ሆነ በባቲና በሰንበቴ ከተሞች የሚኖሩ ጡረተኛ መምህራን፣ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች እንዲሁም የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በሥራ ላይ ያለውን ሠራተኛም ቢሆን ከዚህ ባላነሰ ሁኔታ ይመለከተዋል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በአዋጅ የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 እና እርሱን በ2014 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1267 የአገልግሎት፣ የጤና ጉድለት፣ የጉዳትና የተተኪዎች አበሎችን ይዘረዝራሉ። ከእነዚህ ውስጥ “የጤና ጉድለት” የሚለው ብዙዎችን ያሳስታል። አበሉ በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ እንጂ የሕክምና ወጪ መሸፈኛ አይደለም። የጡረታ ሕጉ ጡረተኛው ሲታመም ለሐኪም፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚያወጣውን ወጪ አይሸፍንም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት የታሰበው በ2002 ዓ.ም. በወጣው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 ነው። አዋጁ በመደበኛው ዘርፍ ተቀጥረው የሚሠሩ ዜጎችንና ጡረተኞችን በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚያቅፍ ሲሆን፣ አባልነቱም በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሳይሆን ግዴታ ነው። የአባሉ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም ተጠቃሚ ይሆናሉ። ሥርዓቱን የሚመራው የኢትዮጵያ ጤና መድህን ኤጀንሲ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋላ “የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት” ተብሏል።

የመዋጮውን መጠን የወሰነው በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 ነው። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተደንግጓል። ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ይጨምርለታል።

የዚህን ድንጋጌ ትርጉም በምሳሌ መመልከት ይቻላል። 30 ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 6ሺህ ብር የሆነ ሠራተኛ ቢኖር፣ አዋጅ ቁጥር 714 ባስቀመጠው ስሌት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 20 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 1 ነጥብ 25 በመቶ ታስቦለት የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ወይም 3ሺህ 300 ብር አበል ያገኛል። በሥራ ላይ ሳለ በወር 180 ብር ያዋጣ የነበረው ይህ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያዋጣው 33 ብር ብቻ ይሆናል። የአሠሪውና የመንግሥት ድርሻ ሲታከልበት ቀድሞ 360 ብር የነበረው ወርኃዊ ገቢ ወደ 66 ብር ይወርዳል ማለት ነው።

በአንጻሩ ጡረተኛው ወደ ሐኪም ቤት የሚመላለስበት ጊዜ ይበዛል። ልዩነቱ የሚሞላው ገና ጤነኛ የሆነውና በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ ከሚያዋጣው ነው። በመሆኑም ሥርዓቱ ጡረተኞችን ብቻ ይዞ ሊቆም አይችልም፤ ሠራተኛው ከገባ ጡረተኛው ይታቀፋል፣ ሠራተኛው ከዘገየ ጡረተኛውም ይዘገያል።

ሂደቱም ይህንኑ አሳይቷል። ሕጎቹ ከወጡ በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች በመዋጮው መጠንና በመንግሥት ጤና ተቋማት የአገልግሎት ጥራት ላይ ቅሬታ በማንሣታቸው ትግበራው በተደጋጋሚ መራዘሙ ይታወሳል። ሠራተኛው “መድኃኒት በማይገኝበት ተቋም ለምን አስቀድሜ እከፍላለሁ?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ መዋጮው ባልተሰበሰበባቸው ዓመታት ጡረታ የወጡት ሠራተኞች ሲታመሙ ከአበላቸው ቀንሰው ሲከፍሉ ቆይተዋል።

ደንቡ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን፣ የወሊድ አገልግሎትን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የምርመራ አገልግሎትንና በዝርዝር የተፈቀዱ መድኃኒቶችን ያካትታል። የማይሸፍናቸውንም በግልጽ አስቀምጧል። ከእነዚህም መካከል በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ መተካትና ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በስተቀር የሚደረግ የኩላሊት እጥበት ይገኙበታል።

ዝርዝሩን ልብ ብሎ ለተመለከተ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የዳሌ መገጣጠሚያ ከማንም በላይ አረጋውያን የሚፈልጓቸው ናቸው። ጡረተኛው መድህን ስላለው ብቻ እነዚህን በነፃ አገኛለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። አስፈጻሚ አካላትም ይህንን ሳይሸሽጉ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

የከሚሴን ሁኔታ የተለየ የሚያደርገው ርቀት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 457ሺህ 278 ሲሆን አብዛኛው የሚኖረው በገጠር ነው። ከሚሴ ሆስፒታል ያላት ከተማ ብትሆንም ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ይላካል። ከደዌ ሃረዋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር የሚነሣ አረጋዊ ደግሞ አስቀድሞ ከሚሴ መድረስ አለበት። መድህኑ የሚሸፍነው ሕክምናውን ነው፤ የትራንስፖርት፣ የአስታማሚና የማደሪያ ወጪ ግን በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ አካባቢው በደረሰበት ወቅትም የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት መዘረፋቸው አይዘነጋም። በዚህ የተነሣ የመድህን ጉዳይ ከተቋማቱ አቅም ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የክልሉ ኅብረተሰብ ለጤና መድህን እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ በተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከአማራ ክልል የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ተካተው ነበር። ይህ ሥርዓት ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ለሚተዳደር ነዋሪ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መክፈል ለማይችሉ ወገኖች መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል። በመሆኑም መምህሩ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው የአርሶ አደር ቤተሰብ የመድህን አባል ሆኖ ሳለ መምህሩ ራሱ ያለ መድህን የሚቀርበት ሁኔታ ተፈጥሯል።

የሌሎች አገሮች ልምድ የተለያየ ነው። በጀርመን ከ1880ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ሥር በሰደደው የጤና መድህን ጡረተኞችም ከአበላቸው ያዋጣሉ። በጋና በአንጻሩ የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ጡረተኞችና ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ዜጎች ከዓመታዊ ክፍያ ነፃ ተደርገዋል፤ ወጪውን ለመሸፈን ከሚያግዙት ምንጮች አንዱ በዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ የተጣለ 2 ነጥብ 5 በመቶ የጤና መድህን ቀረጥ ነው። በሁለቱም አገሮች የጡረተኛውን ሕክምና የሚደጉም ሌላ ከፋይ አለ።

በኢትዮጵያ ሕግ ይህ ከፋይ በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛና አሠሪው ነው። ስለሆነም የዞኑና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞችንና የጡረተኞችን መረጃ አሟልተው መያዝ፣ ጤና ተቋማት መድኃኒት ማቅረብ፣ አስፈጻሚዎችም የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማስረዳት ይገባቸዋል። መዋጮውን ከደመወዙ የሚቀነስበት ወጪ አድርጎ የሚመለከተው ሠራተኛም የዛሬዎቹ ጡረተኞች ትናንት በእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩ መሆናቸውን ማሰብ ይኖርበታል።