የነጠላው ጥለት ወዴት ነው?

ልጆች፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለሠርግ ነጠላ ስትለብሱ ጥለቱ ወዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ?

ነጠላ ከጥጥ ፈትል የሚሸመን ስስ ልብስ ነው። ስሙ ነጠላ ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ ደግሞ አራት። (የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መቁጠር አይሰለቸኝም!) ዳሩ ላይ ያለው ባለ ቀለም ጌጥ ጥለት ይባላል።

በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። በሐዘን ጊዜ ግን ነጠላው ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ሳታውቅ ዘቅዝቃ ለብሳ ልደት ቤት ብትገባ፣ እማማዎች ደንግጠው «ውይ፣ ማን ሞተ?» ማለታቸው አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ደግሞ መስቀለኛ ያጣፉታል።

ጃፓኖችም እንዲህ ያለ ደንብ አላቸው። ኪሞኖ ሲለበስ የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል፤ የቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ለሞተ ሰው ነው። መታጠቂያቸው ኦቢ ይባላል፣ እንደኛ መቀነት ማለት ነው።

አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ በተለይም ዶርዜዎች ናቸው። አሁን በፋብሪካ የታተመ ጥለትም ሞልቷል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ እኔ ግን የሸማኔውን እመርጣለሁ።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለየልጆቻችሁ አንዳንድ ነጠላ ላኩልን፤ ክፍል ውስጥ እንለማመዳለን።