«ቤቶች» መቼ ወረደ? ስለ ተከታታይ አስቂኝ ድራማ መዳከምና ስለ ተመልካች ዳኝነት

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር የሰማሁት ክርክር ነው። በቦታው ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አሉ። ከሥራ ስንወጣ እኔና ሁለት የሙያ ባልደረቦቼ እሳቸው ዘንድ ጎራ ማለት ልማዳችን ነው። አንድ ቀን ጨዋታው ከወዲህ ወዲያ ሲል ቆይቶ «ቤቶች» ላይ አረፈ። «ቤቶች» በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረ፣ ጥላሁን ጉግሳ በግንባር ቀደምነት የሚተውንበት፣ ክፍሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ተከታታይ አስቂኝ ድራማ መሆኑን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። ድራማው ተወዳጅ እንደነበረ አንዳችንም አልተጠራጠርንም። ያልተስማማነው «መቼ ወረደ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

አንደኛው ባልደረባዬ «የለመድናቸው ተዋንያን ሲቀያየሩ፣ ያኔ አበቃለት» አለ። ሁለተኛው «የለም፤ ማሳቁን ትቶ ምክር ሲያበዛ ነው» ሲል ተቃወመው። እኔም በበኩሌ ድርሰቱ ራሱን መድገም የጀመረበትን ጊዜ የውድቀቱ መባቻ አድርጌ አቀረብሁ። ቡናውን የሚቀዱልን እናት ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እኔስ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ከወጣች ወዲህ ነው የቀረብኝ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ይህንኑ ሐሳብ ቀደም ሲል የት እንዳገኘሁት ትዝ አለኝ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ለአንድ ኮርስ ማሟያ ባቀረበችው ጽሑፍ፣ የወረደው ድራማው ሳይሆን አብሮ ማየቱ ነው የሚል መከራከሪያ አንሥታ ነበር። እኔም በወረቀቷ ኅዳግ ላይ «የሥነ ጽሑፍ ሥራ የሚመዘነው በራሱ በሥራው ነው» ብዬ ጻፍሁ። ድራማው በደጉ ዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር ለማሳየትም አንድ የማዕድ ትዕይንት በማስረጃነት ጠቀስሁላት። የሰጠኋት ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ «መቼ ወረደ?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ምን ምን ጥያቄዎችን እንደሚይዝ ማሳየትና፣ ያን ጊዜ የሰጠሁትን ፍርድ እንደገና መመርመር ነው።

2. የዘርፉ ጠባይ

በመጀመሪያ የዘርፉን ጠባይ መረዳት ያሻል። የመድረክ ኮሜዲ መጨረሻ አለው። የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» ብንወስድ፣ ሁለቱም ስለ ጋብቻ የሚያነሡት ግጭት ይጀመራል፣ ይከርራል፣ ይፈታል፤ መጋረጃውም ይዘጋል። ሲትኮም የምንለው ተከታታይ አስቂኝ ድራማ ግን እንዲህ አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ግጭት ተነሥቶ ይፈታና ነገሩ ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል። ንፉጉ ንፉግ፣ ቀናተኛው ቀናተኛ ሆኖ ይቀጥላል። ገጸ ባሕርዩ ከስሕተቱ ቢማርማ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስቀን ነገር አይኖርም።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ገጸ ባሕርዩ ባለበት ሲቆም ተመልካቹ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። ደራሲው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ወይ ገጸ ባሕርያቱን እንዳሉ አቆይቶ «ደገመው» ይባላል፣ ወይ ለውጧቸው «የምናውቀው ድራማ ይህ አይደለም» ይባላል። ስለሆነም የመዳከም ሥጋት ከውጭ የሚመጣ አደጋ ብቻ አይደለም፤ ከዘርፉ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው።

የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታሪክ ለዚህ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች ይሰጠናል። ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ የጻፉት «ፎልቲ ታወርስ» እ.ኤ.አ. በ1975 ስድስት፣ በ1979 ደግሞ ስድስት ክፍሎች ታይቶ በ12 ክፍሎች ተጠናቀቀ። ተመልካች «መቼ ወረደ?» ብሎ የሚከራከርበት ጊዜ ሳያገኝ አለቀ ማለት ነው። በአንጻሩ ጆን ሱሊቫን የጻፈው «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ፣ በመካከሉ ዓመታት እየዘለለም ቢሆን፣ እስከ 2003 ዘለቀ። በድሃ የለንደን ሰፈር የሚኖሩ፣ ነጋ ጠባ ሚሊየነር ለመሆን የሚመኙ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው።

ወዳጆቹ የዚህን ድራማ ውድቀት የሚቆጥሩበት ዘመን እንደየሰዉ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ የአያትየውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሌናርድ ፒርስ ሞተ፤ በእግሩም ሌላ አረጋዊ ገጸ ባሕርይ ተተካ። በ1989 የአንዱ ክፍል ርዝመት ከ30 ወደ 50 ደቂቃ አደገ፤ በዚያው ዓመት ታናሽየው አገባ፣ በ1991 ታላቅየው ልጅ ወለደ። በ1996 የገና ሰሞን በታየው ክፍል ወንድማማቾቹ የተመኙትን ሀብት አገኙ። ይህን ክፍል ከ24 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደተመለከተው ተመዝግቧል። በ2001 ግን ድራማው ተመለሰ፤ ገንዘቡም ጠፍቶ ወንድማማቾቹ ወደ ድህነታቸው ተመለሱ። «በ1996 ማለቅ ነበረበት» የሚለው ክርክርም ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደራሲው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ «ጸሐፊው ተቀየረ» የሚለው የተለመደ ምክንያት በዚህ ሥራ ላይ አይሠራም። ከዚህም በላይ፣ ለአንዱ የውድቀት መጀመሪያ የሆነው የ1989ኙ ለውጥ ለሌላው የድራማው ከፍታ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ማደጋቸውን የወደደ አለ፤ ማደጋቸውን የጠላም አለ።

3. አንዱ «ወረደ» ሦስት ነው

ከላይ ከተጠቀሱት ክርክሮች እንደምንረዳው፣ «ወረደ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል።

ሀ) የድርሰቱ መውረድ፦ ይህ በራሱ በሥራው ላይ የሚታይ ነው። ሳቁ ከገጸ ባሕርዩ ጠባይ መመንጨቱ ቀርቶ ከተለመደ አነጋገርና ከአለባበስ ብቻ ሲመነጭ፣ ግጭቱ ያለ በቂ ምክንያት ሲነሣና ሲፈታ፣ ቃለ ምልልሱ ለገጸ ባሕርዩ መነገሩ ቀርቶ ለተመልካቹ ስብከት ሲሆን፣ ድርሰቱ ተዳክሟል ለማለት ይቻላል። የሁለተኛው ባልደረባዬ ክርክር የሚመደበው ከዚህ ነው። የእኔም እንደዚያው።

ለ) የመቼቱ መራቅ፦ ድርሰቱ ሳይነካ ዘመኑ ሲለወጥ የሚደርስ መደብዘዝ ነው። ለምሳሌ በ2010ሩ የፖለቲካ ለውጥ ማግስት በፋና ቴሌቪዥን የታየውን «ምን ልታዘዝ» የተባለ ድራማ እንውሰድ። መቼቱ አንድ ካፌ ሲሆን፣ ሳቁ የተመሠረተው በዘመኑ ፖለቲካ ላይ በሚሰነዘር ስላቅ ነው። እንዲህ ያለው ስላቅ በዕለቱ የሚያቃጥለውን ያህል ከዓመታት በኋላ ማብራሪያ ይሻል። ማብራሪያ የሚሻ ቀልድ ደግሞ እንደ ቀድሞው አያስቅም። ታዲያ ይህን «ወረደ» ብንል ጥፋቱ የደራሲው ነውን?

ሐ) የአመለካከት መለወጥ፦ ይህ በተመልካቹ ኑሮ ላይ የሚደርስ ነው። አስቂኝ ድራማ የቡድን ጥበብ ነው፤ ሰው ብቻውን ሲስቅ የሚስቀው ጥቂት ነው። የቤተሰብ ድራማ በቤተሰብ መካከል ሲታይ፣ «ይኼ አንተን ነው የሚመስለው» እየተባለ የሚሣቀው ሣቅ በድርሰቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ያለ ድርሰቱ ግን አይፈጠርም። ልጆቹ ሲበተኑ፣ ቴሌቪዥኑ በእያንዳንዱ እጅ ባለ ስልክ ሲተካ፣ ያ ሣቅ አብሮ ይሄዳል። የቡና አፍይዋ እናትና የተማሪዬ ሐሳብ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ባልደረባዬ ክርክርም በከፊል ከዚህ ይመደባል፤ ምክንያቱም ከተዋናዩ ጋር የምንለማመደው እንደ ጎረቤት ነውና። አዲሱ ተዋናይ የቱንም ያህል ቢጠበብ ለጊዜው እንግዳ ነው።

ሦስቱን ሳይለዩ መከራከር ፍሬ የለውም። አንዱ ስለ ድርሰቱ፣ ሌላው ስለ ዘመኑ፣ ሦስተኛው ስለ ቤቱ እያወራ፣ ሁሉም አንድ ዓመተ ምሕረት ለማግኘት ይጣላሉ።

4. የትውስታ ዳኝነት

በዚህ ላይ የትውስታ ነገር ይጨመራል። የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከያዘው የፎገራ ምድር የተገኙትን የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልዶች እናስታውስ። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት እኒህ ሊቅ ስማቸው ከሚነሣባቸው ቀልዶች ሁሉ የእርሳቸው የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ያስቸግራል። ሆኖም «የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ወረደ» ሲባል ሰምተን አናውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቃል የሚተላለፍ ቀልድ ካላሳቀ ሁለተኛ የሚናገረው የለም፤ ይሞታል። ለእኛ የደረሰን በብዙ አፍ የተበጠረው ምርጥ ምርጡ ነው። ቴሌቪዥን ግን ገለባውንም ምርቱንም እኩል ያስተላልፋል፣ እኩልም ያስቀምጣል።

የድሮ ክፍሎችን ስናስታውስ ሁላችንም እንደ ቃል ነጋሪ እንሠራለን፤ ያላሳቁንን ረስተን ያሳቁንን እንይዛለን። የቅርቦቹን ግን ገና አላበጠርናቸውም። ስለዚህ የምናወዳድረው የተበጠረን ድሮ ካልተበጠረ ዛሬ ጋር ነው። በዚህ ዓይነቱ ሚዛን ድሮ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዚያ የቡና ጨዋታ በኋላ፣ በተማሪዬ ወረቀት ኅዳግ ላይ የጠቀስሁትን የማዕድ ትዕይንት ፈልጌ ለማየት ወሰንሁ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ውስጥ ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት። በመጨረሻ ያገኘሁት «ከዚህ ወዲህ አላየውም» ብዬ በተውሁት ጊዜ አካባቢ ከተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ነው። ትዕይንቱ ዛሬም ያስቃል። ነገር ግን የውድቀት ዘመን ብዬ ከሰየምሁት ዘመን የተገኘ ነው። መልካም ስለነበረ ብቻ አእምሮዬ ወደ ደጉ ዘመን አዛውሮታል። ተማሪዬን ዝቅ ያደረግሁበት ማስረጃ የእርሷን ሐሳብ የሚደግፍ ሆኖ ተገኘ።

5. ለጥናት የሚሆን መንገድ

ይህ ማለት ግን ድርሰት አይወርድም፣ ሁሉም የተመልካቹ ስሜት ነው ማለት አይደለም። የድርሰት መዳከም አለ፤ ሊመረመርም ይችላል። በዚህ ርእስ ላይ ለመሥራት ለሚያስቡ ተማሪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክፍሎችን በትውስታ አትምረጡ። ከመጀመሪያው፣ ከመካከለኛውና ከመጨረሻው ጊዜ እኩል ቁጥር ያላቸውን ክፍሎች በዕጣ አውጡ። ሁለተኛ፣ የሚቻል ከሆነ የክፍሉን ቁጥር የማያውቅ ሰው አብሯችሁ ይመልከት። ሦስተኛ፣ ለየሳቁ ምንጭ አብጁለት። አንድን አስቂኝ ንግግር ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ወስዳችሁ ለሌላው ብትሰጡት ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ሳቁ ከገጸ ባሕርይ አልመነጨም። አራተኛ፣ ስንት ንግግር ለገጸ ባሕርይ፣ ስንቱስ ለተመልካች እንደሚነገር ቁጠሩ። አምስተኛ፣ ተመልካችን ስትጠይቁ «መቼ ወረደ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «ያኔ ከማን ጋር ታይ ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ነጥቡን በአንድ ክፍል ላይ ለመትከል አትቸኩሉ። «ሃፒ ዴይስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳየው ክፍል፣ ታዋቂው ገጸ ባሕርይ በውኃ ላይ እየተንሸራተተ ሻርክ ሲዘል ይታያል። ይህ ትዕይንት ውሎ አድሮ ለማንኛውም ተከታታይ ድራማ የውድቀት መጀመሪያ መጠሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ ድራማው ከዚያ በኋላ እስከ 1984 ድረስ ቀጥሏል። ወረደ ከተባለ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ተመልካች ነበረው ማለት ነው። እነዚያ ተመልካቾች ምን ያዩ ነበር? ይህም ራሱን የቻለ የጥናት ጥያቄ ነው።

6. መደምደሚያ

ተማሪዬ ተመርቃ ከሄደች ቆይታለች፤ ውጤቷም ተመዝግቦ ያለቀ ነው። አድራሻዋን አፈላልጌ ደወልሁላትና ያገኘሁትን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «መምህር፣ እኔ እኮ ያን ጽሑፍ የጻፍሁት አባቴ ባረፈ ዓመት ነው» አለችኝ። ይህ በጽሑፏ ውስጥ አልነበረም። ሊኖርም አይገባም ነበር፤ መከራከሪያዋ ያለ እርሱም ይቆማል። እኔ ግን ተመልካችን ከምርመራው ውጭ ሳደርግ ምን ያህል ነገር ውጭ እንዳስቀረሁ የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩን ለቡና አፍይዋ እናት ባጫውታቸው፣ «ታዲያ እናንተ በረካውን ቀጠነ ብላችሁ ትተዋላችሁ እንዴ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ አቦሉ ይወፍራል፣ ቶናው ይቀጥናል፣ በረካው ደግሞ ከዚያም ይቀጥናል። መቅጠኑን ማንም አይክድም፤ ሦስተኛው ስኒ የሚጠበቀው ግን ለጨዋታው ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው የቡናውን መቅጠን መለካት ሥራው ነው፤ ከረከቦቱ ዙሪያ ማን እንደተነሣ መመልከትም እንዲሁ።