ከቀፎ እስከ ሚዛን፦ የንብ አናቢው ቃላትና የተርጓሚው ኀላፊነት

በእርሻም ሆነ በዕደ ጥበብ መስክ የሙያ ቃላትን ለማደራጀት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከባዕድ ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ያሰፍራል፤ ያላገኘውን ይፈጥራል። ይህ መንገድ ለአዲስ ሙያ ያገለግል ይሆናል። እንደ ንብ ማነብ ያለ፣ የራሱን ቃላት ይዞ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሙያ ሲያጋጥም ግን አካሄዱ መገልበጥ ይኖርበታል። በመጀመሪያ አናቢው ምን እንደሚልና በቃሉ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ይጠናል፤ አዲስ ስያሜ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚመጣው ጉዳት የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ አይደለም። በመመሪያ ላይ የሰፈረ አንድ የተሳሳተ ቃል የአንድን ቤተሰብ የዓመት ገቢ ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ በታች በምሳሌ እናሳያለን።

ለዚህ በጎጃም ደጋ የሚኖር፣ አምስት ቀፎ ያለውን አንድ አናቢ በአሳብ እንከተል። ጧት ወደ ሌላ ሥራው ከመሰማራቱ በፊት ወደ ቀፎዎቹ ጎራ ይላል። ንቦቹ በእግራቸው የአበባ ዱቄት ይዘው ሲገቡ ካየ ውስጡ ደኅና መሆኑን ይገምታል። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው በመደቡ እግር ዙሪያ አመድ ይነሰንሳል፤ በበጋ ውሃ ያኖርላቸዋል። ቀፎ መክፈትና ማር መቁረጥ ግን በአብዛኛው የምሽት ሥራ ነው፤ የሀገራችን ንብ በቀን ስትነካ ቁጡ ናትና። ከክረምቱ በኋላ አደይና መች ሲያብቡ ዋናው የማር ወቅት ይደርሳል፤ ከዚያም የገበያው ሥራ ይከተላል።

የሙያው ስም ራሱ ጥቂት ማስታወሻ ይሻል። «አናቢ» የሚለው ቃል «አንባቢ» ከሚለው ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ንብ አናቢ»፣ «ንብ ማነብ» ተብሎ ከስሙ ጋር ተጣምሮ ቢመዘገብ ይመረጣል። ሕዝቡም ቢሆን የሚናገረው በዚሁ መልክ ነው።

፩. ቀፎ፣ መንጋና ኅብረ ንብ

«ቀፎ» በመሠረቱ የማደሪያው ስም ነው። ባህላዊው ቀፎ ከቀርከሃ፣ ከጭራሮ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለሰናል። ቃሉ ውስጡ ባዶ የሆነን ነገር ስለሚያመለክትም ወደ ሌላ መስክ ተሻግሮ «የስልክ ቀፎ» እስከ መባል ደርሷል። ይሁን እንጂ አናቢው «አምስት ቀፎ አለኝ» ሲል የሚቈጥረው ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ የሚኖሩትን ንቦች ነው። በንግግር ይህ ችግር አያመጣም። ንብ ከነቀፎው በሚሸጥበት ገበያ በሚደረግ የጽሑፍ ውል ግን «ሁለት ቀፎ ሸጥሁ» የሚለው ቃል ለክርክር በር ይከፍታል። ስለዚህ በጽሑፍ ማደሪያው «ቀፎ»፣ በአንድ ንግሥት ሥር አብሮ የሚኖረው ማኅበር «ኅብረ ንብ»፣ ከቀፎው ወጥቶ አዲስ ማደሪያ ፍለጋ የሚበረው ደግሞ «የንብ መንጋ» ቢባል ሦስቱም አሳቦች የየራሳቸው ስም ይኖራቸዋል። ኅብረ ንብ በቀፎ ውስጥ ያለ ነው፤ መንጋ በጉዞ ላይ ያለ ነው። ተርጓሚ ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራቸው «መንጋው እንዳይወጣ ተከላከል» የሚለው ምክር ትርጉም ያጣል።

፪. አውራ፣ ንግሥትና ድንጉላ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በነባሩ አነጋገር የኅብረ ንቡ ራስ «አውራ» ይባላል። መሪ ያጣ ሕዝብ «አውራ እንደሌለው ንብ ተበተነ» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን «አውራ» ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው አለቃ፣ ዋና ማለት ሲሆን «አውራ ጎዳና» በሚለው ይታያል። ሁለተኛው ተባዕት ማለት ሲሆን «አውራ ዶሮ» በሚለው ይታያል። አናቢው ቃሉን የሚጠቀምበት በመጀመሪያው ፍቺ ነው፤ ሰዋስዉ ግን ወደ ተባዕት ጾታ ስለሚስበው «አውራው ወጣ» ይላል።

የኅብረ ንቡን ራስ እንደ ወንድ መቍጠር የእኛ አባቶች ብቻ አስተሳሰብ አልነበረም። በጥንቱ የግሪክ ሊቅ በአርስጣጣሊስ ጽሑፍም መሪዋ ንብ «ንጉሥ» ተብላለች። እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ የንቦች መንግሥት የሴት መንግሥት መሆኑን አስፋፍቶ ጽፏል። ዛሬ እንደሚታወቀው እንቁላል በመጣል ኅብረ ንቡን የምታኖረው ንግሥቲቱ ናት፤ ሠራተኞቹም ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ መናደፊያ የሌላቸውና ከንግሥት ጋር ከመራባት በቀር ሌላ ተግባር የማይታይባቸው ናቸው።

እንግዲህ «አውራ» የሚለውን በ«ተባዕት» ፍቺው ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ፣ ከወንድ ንቦች መቀነስን የሚመክር መመሪያ አግኝቶ «አውራዎቹን አስወግድ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? አናቢው በቃሉ የሚረዳው ንግሥቲቱን ነው። ንግሥቱን ያጣ ኅብረ ንብ ሌላ ማሳደግ የሚችለው በቀፎው ውስጥ እንቁላል ወይም ሦስት ቀን ያልሞላው እጭ ሲገኝ ነው። ያ ከሌለ ሠራተኞቹ በዕድሜ እያለቁ፣ የሚተካቸው ሳይወለድ፣ ቀፎው ባዶ ይሆናል። ያ ቢገኝ እንኳ አዲስ ንግሥት ከእንቁላል ተነሥታ እስክትወጣ 16 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ተጠቅታ እንቁላል እስክትጀምር ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ በአበባ ወራት ከደረሰ የዚያ ቀፎ ምርት ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። አምስት ቀፎ ላለው ሰው አንዱ ቀፎ የሀብቱ አንድ አምስተኛ ነው።

ስለዚህ በጽሑፍ «ንግሥት»፣ «ሠራተኛ» እና «ድንጉላ» በሚሉት ሦስት ስያሜዎች መጽናት ይገባል። «ድንጉላ» ያልተኮላሸ ፈረስን በመጥራት የታወቀ ስለ ሆነ ተባዕትነቱ አያጠራጥርም። «አውራ»ን ግን ከመዝገበ ቃላት ማውጣት ስሕተት ይሆናል። የንግሥት ነባር ስም መሆኑ ተገልጾ ይመዝገብ፤ ለገበሬው በሚዘጋጅ ጽሑፍም በመጀመሪያው ቦታ ላይ «ንግሥት (አውራ)» ተብሎ ይጻፍ። ለድንጉላ ማመልከቻ መደረጉ ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት።

፫. መቍረጥና ማውጣት፤ መብሰልና መድረስ

በባህላዊው ቀፎ የማሩ እንጀራ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ ማር የሚገኘው በቢላዋ ነው፤ ግሡም «ማር ቈረጠ» ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1852 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ቀፎ ግን እንጀራው የሚሠራው ተነቃይ በሆነ ፍሬም ላይ ነው። ፍሬሙ ይነሣል፤ የእንጀራው ክዳን ተገፎ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ማሩ ይወጣል፤ እንጀራው ሳይፈርስ ለንቦቹ ይመለሳል። የዚህ ቀፎ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ንቦች ሰም ለመሥራት ብዙ ማር ይበላሉና። ለባለ ፍሬም ቀፎ የተዘጋጀ መመሪያ «ማሩን ቍረጥ» ካለ አናቢው እንደ ለመደው እንጀራውን ይቈርጣል፤ ውድ ዋጋ የከፈለበትም ቀፎ ከባህላዊው የማይሻል ይሆንበታል። ስለዚህ ለባህላዊው «መቍረጥ»፣ ለባለ ፍሬሙ «ማውጣት» ይባል። «ፍሬም» የሚለውን ውሰት ግን አናቢዎች ለምደውታልና በአዲስ ፈጠራ መተካቱ ድካም ብቻ ነው።

ንቦች ርጥበቱን ቀንሰው በሰም የከደኑትን ማር አንዳንዶች «የበሰለ ማር» ብለው ይጽፋሉ። «በሰለ» ለፍሬም ለወጥም የሚነገር በመሆኑ፣ ፍሬን በማሰብ የተጻፈውን አንባቢው እሳትን በማሰብ ሊረዳው ይችላል። ማርን ማፍላት ጠባዩን ያበላሻል። «የደረሰ ማር» ብንል ይህ ሥጋት አይኖርም፤ አዝመራ እንደሚደርስ ማርም ይደርሳልና። ነገሩ የገበያ ጥያቄም ነው፤ «ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በጠቅላላው የማር ርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ሳይደርስ የተቈረጠ ማር ርጥበቱ ስለሚበዛ በዕቃው ውስጥ ይቦካል።

፬. የገበያው ቃላት

በሚዛን ላይ የሚወጣው ሁሉ «ማር» ቢባልም ዋጋው አንድ አይደለም። «የማር እንጀራ» ከነሰሙ ያለው ነው፤ «ወለላ» ከሰሙ ተለይቶ የጠራው ነው፤ «ጣዝማ» ደግሞ በመሬት ውስጥ የምትኖር፣ መናደፊያ የሌላት ሌላ ዓይነት ንብ ማር ነው። ጣዝማ ለመድኃኒትነት ስለሚፈለግ «የዱር ንብ ማር» ብሎ መተርጐም ሸቀጡን ከስሙ ጋር ዋጋውንም ማሳጣት ነው።

«ሰፈፍ» እና «ሰም»ም እንዲሁ መለየት አለባቸው። ጠጅ ጣይ ያልተጣራውን ማር ገዝቶ ሲበርዝ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ነው፤ ስሙም ከዚሁ ከመስፈፍ የመጣ ነው። ሰፈፉ ቀልጦና ተጣርቶ ጕድፉ ሲወገድለት ሰም ይሆናል፤ ለጧፍም ለሌላ ሥራም የሚውለው ይኸው ነው። በውል ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ገዢው ጕድፍ በሰም ዋጋ ይገዛል፤ አለዚያም ሻጩ የድካሙን ያጣል።

በመጨረሻም በብርድ ወራት ማር በዕቃው ውስጥ ሲጠነክር የሚሰጠው ስም ሻጩን ያሳስበዋል። ምክንያቱ በማሩ ያለው ግሉኮስ የተባለ የስኳር ዓይነት ወደ ጠጣርነት መለወጡ ነው፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ስለ መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ተርጓሚው ይህን «ስኳር መሆን» ብሎ ከጻፈው ግን ስኳር ተጨመረበት ብሎ የሚጠረጥረውን ገዢ አጸናለት ማለት ነው። ሕዝቡ ለወተትና ለቅቤ የሚለው «ረጋ» እዚህም አለ፤ «የረጋ ማር» ሐቁን ይናገራል፤ ማንንም አያማም።

፭. ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ቃላት ከጥቂቶቹ በቀር አዲስ ፈጠራ አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው በአናቢው አፍ ያላቸውን ፍቺ መርምሮ ድንበራቸውን መለየት ነው። ነባሩ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ካለው እንዳለ ይወሰድ፤ ሁለት ፍቺ ካለውና ስሕተቱ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ግልጹ ቃል ይመረጥ፤ ነባሩም ከአጠገቡ ይጠቀስ። መመሪያም ከመታተሙ በፊት ለአንድ አናቢ ይነበብለትና በሰማው መሠረት ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ። «አውራውን አወጣዋለሁ» የሚል መልስ ከሰጠ፣ መታረም ያለበት አናቢው ሳይሆን ጽሑፉ ነው።