ጭስ ሁሉ የሞተር ሞት አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤቱ ልጆች በዕድሜ የሚበልጥ መኪና ብርቅ አይደለም። ዲኤክሱም ሚኒባሱም ሃይሉክሱም ዛሬም ዳገቱን ይወጣሉ። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ደግሞ መካሪ አይጠፋም፤ ሹፌሩ፣ ጎረቤቱ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ጥበቃው ሳይቀር የሚለው አለው። አንዳንዱ ምክር ልክ ነው። ብዙው በካርቡሬተር ዘመን የቀረ ነው፤ ያኔም ልክ ያልነበረ አይጠፋበትም።

“ከጨሰ ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ”

ይህች አባባል በየጋራዡ ብዙ ብር አስበልታለች። መጀመሪያ የጭሱን ቀለም፣ ቀጥሎ የሚወጣበትን ጊዜ ማየት ነው። በኅዳር ብርድ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋው ነጭ ጭስ ማርሚታው ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው፤ ዕዳው ገብስ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለበት ከሄደ ግን ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር ይገባል። ጥቁር ጭስ በቅጡ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። የአየር ፊልትሮው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ከሆነም፣ ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚን ያበዛል። ለዚህ ሞተር አይወርድም።

ዘይት የሚያቃጥለው ሰማያዊው ነው። እሱም ቢሆን ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም። መኪናው ቆሞ አድሮ ጠዋት ሲነሳ አንዴ ቡልቅ አድርጎ የሚተው ከሆነ፣ ወይም የዓባይን በረሃ ቁልቁለት በማርሽ ወርደው ነዳጅ ሲረግጡ ብቻ ከጨሰ፣ ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የገባው በባልቦላዎቹ ጎሚኒ በኩል ነው። ጎሚኒው በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታው ሳይነሳ መቀየር ይቻላል። ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠየቅ ያለማቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ፋሻው ያመራል።

“ኮምፕሬሽኑ መጽሐፉ ከሚለው ወርዷል”

መለካቱ ራሱ ሊመሰገን ይገባል፤ ሳይለኩ ሞተር የሚያወርዱ ስንት አሉ! ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ነዳጁና የእሳቱ መስመር ይቋረጣሉ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጣል፣ ከዚያ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። ስህተቱ የሚመጣው ቁጥሩ ሲነበብ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያስበው የባሕር ጠለልን አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ መጽሐፉ 12 ባር የሚልለት ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ወይም 9 ተኩል ቢያነብ የሚገርም አይደለም። ይህን ያልቆጠረ መካኒክ ደህናውን ሞተር ቀባሪ ይጠራለታል።

ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ላይ ከቀረ ጥፋቱ እዚያው ነው። በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ዘይቱ ለጊዜው የፋሻውን ክፍተት ስለሚደፍን ቁጥሩ ከፍ ካለ የደከመው ፋሻው ነው። ንቅንቅ ካላለ ባልቦላው ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወረዱ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ሳይበላ አልቀረም። ይህ ሁሉ ፍተሻ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም፤ እኔ ያለ እሱ ሞተር እንዲወርድ አልፈቅድም።

“ለሞቃት አገር ቴርሞስታት ምን ያደርጋል?”

ሞተሩ ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ተይዟል። ቴርሞስታት በብዙ መኪኖች ላይ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ሥራው ሞተሩን ቶሎ አሙቆ በዚያው ማቆየት ነው። ከወጣ ሞተሩ ሙቀቱ ሳይደርስ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ባሰ ጊዜ፣ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ውሃው በአቋራጩ መንገድ እየዞረ ራዲያተሩ ጋ በወጉ ሳይደርስ ስለሚመለስ፣ ለሙቀት ተብሎ የተደረገው ራሱ ያሞቃል።

የራዲያተር ክዳን ግን አስታዋሽ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደህና ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ስፕሪንግና ጎሚኒ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ባለቤቱም ራዲያተር ሊያስበይድ፣ አልፎም ቴስታታ ሊያስነሳ ይሄዳል። ከክዳን ይጀምሩ። ሞተሩ እንደጋለ ግን አይክፈቱት፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

“ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል”

ግማሽ እውነት ነው። በሙቀት ጊዜ የዘይት ግፊቱ ለወረደ ሞተር ፋብሪካው ከፈቀዳቸው ውፍረቶች መካከል ወፈር ያለውን መምረጥ ይረዳል። ከዚያ ያለፈ ውፍረት ግን በብርድ ጠዋት እላይ ቴስታታው ድረስ ለመውጣት ይዘገያል፤ ብረት ከብረት በብዛት የሚፋጨው ደግሞ ያኔ ነው። ኪሎ ሜትር ብቻውን አይፈርድም። አሜሪካዊው ኢርቭ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1966 የገዛት ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2013፣ 3 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሞልታለች። ሰውየው ዘይት በወቅቱ የሚቀይር ነበር።

“ኮምፒውተር ላይ ይደረግ፣ እሱ ይናገራል”

ኮምፒውተሩ የሚናገረው ያየውን ምልክት ነው እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይደለም። ፒ0171 የሚለው ኮድ ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ የኦክስጅን ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን የተናገረ ምስክር ነው። ባረጀ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከአየር ማስገቢያው ጋር የተያያዘ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጆሮዎን ጠጋ ሲያደርጉ ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቱቦውን በጣት ጫን ሲሉት ሚኒሞው ከተለወጠ ተገኝቷል። እጅና ልብስ ከቺንጋውና ከማራገቢያው ይራቁ።

ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋትም ጥገና አይደለም። ምልክቱ ይጠፋል፣ ቱቦው እንደተሰነጠቀ ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። መካኒኩ ከመሰረዙ በፊት ኮዱን ወረቀት ላይ ያስጽፉት፤ ሌላ ጋራዥ ቢሄዱ የሚያሳዩት ይኖርዎታል።