የግድግዳው ሰዓት 2፣ የስልኩ 8

ባሕር ዳር ውስጥ አዛውንት ያሉበት ብዙ ቤት በሁለት ሰዓት ነው የሚኖረው። ሳሎን የተሰቀለው ሰዓት ጠዋት 2 ሲል፣ ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የላከው ስልክ 8፡00 ይላል። ወጣቱ 6 መደመርና መቀነሱን ሳያስበው ይሠራዋል። የደም ግፊት ክኒን በየቀኑ መዋጥ ላለባቸው የ70 ዓመት እናት ግን ይህ የ6 ሰዓት ልዩነት የጤና ጉዳይ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ልጅ ለበዓል ይመጣል፤ ስልኩን ይቀበልና "እማዬ፣ መድኃኒትሽን በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው?" ይላል። "በ2 ሰዓት።" በችኮላ 2፡00 ብሎ ይሞላዋል። ደወሉ የሚጮኸው ታዲያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ አለዚያም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። እናት ስልኩ የተበላሸ ይመስላቸውና ድምፁን ያጠፉታል። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። በዓለም ገበያ ያሉት አብዛኞቹ የመድኃኒት ማስታወሻ መተግበሪያዎች የእኛን የሰዓት አቆጣጠር አያውቁትም።

ቀጠሮም ያው ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለክትትል የሚመላለሱ አዛውንት ቀኑን "የጥቅምት ሚካኤል" ብለው ነው የሚይዙት፤ ጥቅምት 12 ማለታቸው ነው። ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 22 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን፣ እንደ 2016 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 23 ይሆናል። አምና የሞላውን ቀን እንዳለ ለዘንድሮ ያሻገረ ሰው እናቱን በቀኑ ሳይሆን በዋዜማው ወይም በማግስቱ ሊወስዳቸው ይችላል።

ለአዛውንት ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው መሣሪያ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም፦ ክንድ ላይ የሚጠቀለለው የደም ግፊት መለኪያ። ጨርቁ በአየር ይነፋና የደም ሥሩን ይጫነዋል፤ አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ማሽኑ የሥሩን ንዝረት አንብቦ ቁጥሮቹን ያሰላል። የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ ሊሳሳት ስለሚችል እነሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለሌላው ሰው ግን ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ከአለካኩ ነው የሚመጣው። 5 ደቂቃ ጀርባን ደገፍ አድርጎ ማረፍ፣ እግርን አለማጣመር፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ እየተለኩ አለማውራት። ቡና ከተጠጣ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት። ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት ቤት ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም፤ ከአቦል በፊት መለካት ይሻላል። ቤት ውስጥ የተለካው በተደጋጋሚ 135 በ85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

"ጣትህን ካሜራው ላይ አድርግ፣ ግፊትህን ልንገርህ" የሚል መተግበሪያ ግን በፍጹም አይታመን። አሜሪካ ውስጥ ኢንስታንት ብለድ ፕሬዠር የተባለ አንድ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 ከ100 ሺህ በላይ ተሸጦ ነበር። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ ግፊታቸው ከፍ ካለባቸው 10 ሰዎች 8 ያህሉን ደህና ናችሁ ብሎ ያሰናብት ነበር። ደም ግፊት እንደሆነ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። የተሳሳተ "ደህና ነህ" ሰውየውን መድኃኒቱን ሊያስተወው ይችላል።

ሌላው ነገር እጅ ነው። ጣና ዳር ደንገል እያሰረ ታንኳ ሲሠራ፣ መረብ ሲጎትት የኖረ እጅ ስልኩን ነክቶ ስልኩ ዝም ሲለው፣ ባለእጁ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብለው ይመልሱታል። የስልኩ መስታወት የሚሠራው በቆዳ ውስጥ በምታልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው፤ የደረቀና የጠነከረ ቆዳ ደግሞ እሷን በደንብ አያሳልፍም። ይህን ለአባት መንገር ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ቁልፍ ያለው ስልክ ለእንዲህ ዓይነቱ እጅ ከዘመናዊው ይበልጣል።

የኔትወርክ ችግርም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ያለ ዳታ የማይሠራ የጤና መተግበሪያ ሁሉ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ሆኖ ነበር። ደወል፣ ማሽኑና ቁጥሩ የሚጻፍበት ደብተር ግን ዳታ አይጠይቁም። በድምፅ መሥራት እንደሚቻልም ታይቷል፦ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 መስመር ገበሬው በተራ ስልክ ቁጥር እየነካ ምክር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ እንዲሰማ አድርጎ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥሪዎችን አስተናግዷል። ለስኳርና ለግፊት ታማሚ አዛውንት እንዲህ ያለ መስመር ቢኖር ስንቱ ቤት በተጠቀመበት ነበር።

እስከዚያ ድረስ ብዙ ስልኮች የራስን ድምፅ ቀርጾ ደወል ማድረግ ይፈቅዳሉ። የልጅ ልጅ "እማማ፣ ክኒንሽን ዋጪ" ብላ ትቅረጸው፤ ደወሉ ስልኩ ላይ ጠዋት 8፡00 ተብሎ ይሞላ፤ ከዚያ እናት ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ይዩ፣ 2 ማለቱን።